ዓይኑ ደኅና ነው፤ ታዲያ ለምን አያይም? ያለጊዜያቸው የተወለዱ ልጆችና የማየት ችሎታቸው

በክፍል ውስጥ አንዳንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ተማሪ ያጋጥመናል። ንባብ ያውቃል፤ በቃል ሲጠየቅ አጥርቶ ይመልሳል። ነገር ግን ከጥቁር ሰሌዳ ላይ ገልብጥ ሲባል መስመር ይዘላል፤ ካርታ ላይ ወንዙን ከድንበሩ መለየት ይቸግረዋል፤ ኳስ ሲወረወርለት ኳሱ ካለፈ በኋላ እጁን ይዘረጋል። ሐኪም ዘንድ ተልኮ በግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የዓይን መመርመሪያ እስከ ታችኛው መስመር ድረስ ያነባል። «ዓይኑ ደኅና ነው» ተብሎም ይመለሳል። ከዚያ በኋላ የሚሰጠው ስም የታወቀ ነው፤ ሰነፍ፣ ዝንጉ፣ ልበ ቢስ ይባላል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እንዲህ ያለው ልጅ ሰነፍ ላይሆን እንደሚችል ማስረዳት ነው። ለችግሩ ልዩ ልዩ ምክንያቶች ሊኖሩ ይችላሉ። ከእነዚህ አንዱ፣ ብዙ ጊዜም የማይታሰበው፣ ልጁ ከተወለደበት ቀን ጋር የተያያዘ ነው። ጊዜው ሳይደርስ የተወለደ ልጅ ዓይኑ ቢድንም እንኳ ያየውን ነገር የሚያደራጀው የአንጎል ክፍል ሊጎዳ ይችላል። ይህን ጉዳት በመጀመሪያ ለመገንዘብ የሚችለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መምህሩ ነው።

ነገሩን ከጁባ ከተማ እንጀምራለን። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጁባና ያለጊዜው የሚወለደው ሕፃን

ጁባ በነጭ ዓባይ ዳር የተቆረቆረች፣ በ2011 ነፃነቷን ያወጀችው የደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ ናት። በንግድ፣ በሆቴል ሥራና በውሃ ቦቴ አሽከርካሪነት የተሠማሩ ብዙ ኢትዮጵያውያንም ይኖሩባታል። በከተማይቱ ከሚገኙት የሕክምና ተቋሞች መካከል የጁባ ማስተማሪያ ሆስፒታልና በኩዌት መንግሥት እርዳታ በ1983 የተቋቋመው የአል ሰባህ የሕፃናት ሆስፒታል ይጠቀሳሉ።

በደቡብ ሱዳን በሕይወት ከሚወለዱት 1000 ሕፃናት መካከል ወደ 40 የሚጠጉት የመጀመሪያውን ወር ሳይጨርሱ እንደሚሞቱ የተባበሩት መንግሥታት ግምት ያሳያል። ይህ በዓለም ላይ ካሉት ከፍተኛ ቁጥሮች አንዱ ነው። ከሞቱ ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ያለጊዜ መወለድ ነው።

ጽንስ በማሕፀን ውስጥ የሚቆየው 40 ሳምንት ያህል ነው። ከ37 ሳምንት በፊት የተወለደ ሕፃን ያለጊዜው ተወለደ ይባላል። ከ32 እስከ 37 ሳምንት የተወለደው አደጋው ቀለል ይላል፤ ከ28 እስከ 32 ሳምንት የተወለደው አደጋው ይከብዳል፤ ከ28 ሳምንት በታች የሆነው ደግሞ እጅግ አስጊ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እንደገመተው በ2020 ብቻ 13.4 ሚሊዮን ሕፃናት በዓለም ላይ ያለጊዜያቸው ተወልደዋል። ይህም ከ10 ሕፃናት አንድ ያህል ማለት ነው።

ምክንያቱ ብዙ ነው። መንታ እርግዝና፣ የደም ግፊት፣ ኢንፌክሽን፣ የደም ማነስ፣ የእናቲቱ ዕድሜ ገና ልጅ መሆን፣ በሁለት ወሊዶች መካከል ያለው ጊዜ ማጠር ይጠቀሳሉ። እንደ ጁባ ባለው ሞቃትና የወባ ትንኝ በማይጠፋበት አገር ደግሞ የወባ በሽታ ታላቅ ድርሻ አለው። የወባ ጥገኛ ሕዋስ በእንግዴ ልጁ ውስጥ ተከማችቶ ከእናት ወደ ጽንስ የሚያልፈውን ምግብና ኦክሲጅን ስለሚቀንስ ሕፃኑ ወይ ሳይደርስ ይወለዳል፣ ወይም ክብደቱ አንሶ ይወለዳል።

«የሰባት ወር ልጅ ያድጋል፣ የስምንት ወር ግን አያድግም» የሚሉ ሰዎች አሉ። ይህ እውነት አይደለም። በማሕፀን ውስጥ የተጨመረ እያንዳንዱ ሳምንት ሳንባውን፣ ዓይኑንና አንጎሉን ያጠነክራል።

ያልተጠናቀቀው ዓይን

ብርሃን ወደ ዓይን ከገባ በኋላ የሚያርፈው ሬቲና በሚባለው ከዓይን ኳስ በስተኋላ በተነጠፈ ስስ ሽፋን ላይ ነው። ሬቲና ደም ይፈልጋል። ደም የሚያመላልሱት ጥቃቅን ሥሮች ማደግ የሚጀምሩት በእርግዝናው 16ኛ ሳምንት ገደማ ነው። ከመሐል፣ ማለትም የማየት ነርቭ ከሚወጣበት ቦታ ተነሥተው ቀስ በቀስ ወደ ዳር ይዘረጋሉ። ዳር የሚደርሱት የመወለጃው ጊዜ ሲቃረብ ነው።

ይህን ከመስኖ ሥራ ጋር ማመሳሰል ይቻላል። ገበሬው ቦዩን ከወንዙ ጀምሮ እየቆፈረ ወደ ማሳው ጫፍ ያደርሳል። የደረቀው መሬት «ውሃ አልደረሰኝም» እያለ ይጠራዋል እንበል። በሬቲናም ላይ ደም ያልደረሰው ክፍል የኦክሲጅን ጥማቱን የሚገልጽ፣ የደም ሥር የሚያሳድግ ንጥረ ነገር ያመነጫል። ሥሩም ወደዚያው ያድጋል።

ሕፃኑ በ28ኛው ሳምንት ቢወለድ ቦዩ ግማሽ መንገድ ላይ ነው ማለት ነው። በማሕፀን ውስጥ የጽንሱ ደም የሚይዘው ኦክሲጅን አነስተኛ ነበር፤ አሁን ግን አየር ይተነፍሳል፤ ሳንባው ደካማ ከሆነም ተጨማሪ ኦክሲጅን ይሰጠዋል። ኦክሲጅኑ ከልክ ካለፈ ሬቲናው ጥማቱ የረካ ይመስለዋል፤ ጥሪውን ያቆማል፤ የደም ሥሩም እድገቱን ያቆማል። ከሳምንታት በኋላ ሬቲናው እየሠራና እየበሰለ ሲሄድ ጥማቱ ተመልሶ ይመጣል፤ በዚህ ጊዜ ጥሪው ከመጠን በላይ ይሆናል። የሚያድጉት ሥሮች መሥመራቸውን የሳቱ፣ በቀላሉ የሚደሙ ይሆናሉ። ጠባሳም ይፈጥራሉ። ጠባሳው ሲጨማደድ ሬቲናውን ከቦታው ይነቅለዋል። ሬቲና ከተነቀለ ዓይኑ ብርሃኑን ያጣል። ሐኪሞች ይህን ሕመም ሬቲኖፓቲ ኦፍ ፕሪማቹሪቲ ይሉታል።

አዳኙ ኦክሲጅን ያሳወረበት ዘመን

የዚህ ሕመም ታሪክ ለሳይንስ ተማሪዎች ጠቃሚ ትምህርት አለው። በ1942 ቲዮዶር ቴሪ የተባሉ የቦስተን የዓይን ሐኪም ከዚያ በፊት ያልታወቀ ዕውርነት ያለጊዜያቸው በተወለዱ ሕፃናት ላይ መታየቱን ገለጡ። የሚያስገርመው ሕመሙ የበዛው ጥሩ ሆስፒታል ባለባቸው ሀብታም አገሮች መሆኑ ነበር። በ1951 ኬት ካምቤል የተባሉ የአውስትራሊያ የሕፃናት ሐኪም በሜልቦርን የሚገኙ ሕፃናትን አነጻጽረው ብዙ ኦክሲጅን የተሰጣቸው ይበልጥ እንደታወሩ አመለከቱ። ከዚያም በ1953 እና በ1954 በአሜሪካ 18 ሆስፒታሎች የተካፈሉበት ሙከራ ጥርጣሬውን አረጋገጠ። እስከዚያ ድረስ በዓለም ላይ 10,000 ያህል ሕፃናት እንደታወሩ ይገመታል። በ1950 በሚሺጋን ያለጊዜው የተወለደው ታዋቂው ሙዚቀኛ ስቲቪ ዋንደር ከእነዚያ ልጆች አንዱ ነው።

ነገር ግን ታሪኩ በዚህ አላበቃም። ሐኪሞች ዕውርነትን ፈርተው ኦክሲጅኑን እጅግ ቀነሱት። በዚህ ጊዜ የዕውሮች ቁጥር ቢቀንስም ትንፋሽ አጥሯቸው የሚሞቱና አንጎላቸው የሚጎዳ ሕፃናት በዙ። ከዚህ የምንረዳው ኦክሲጅን እንደማንኛውም መድኃኒት ልክ ያለው መሆኑን ነው። ሲያንስ ይገድላል፤ ሲበዛ ያሳውራል።

ዛሬ ልኩ ይታወቃል። ኦክሲጅን ለሚሰጠው ሕፃን በደሙ ውስጥ ያለው የኦክሲጅን ሙሌት ከመቶ ከ90 እስከ 95 ባለው መካከል እንዲቆይ ይደረጋል። ይህም በሕፃኑ እግር ላይ በሚታሰር አነስተኛ መሣሪያ ይለካል። ስለዚህ አስጊው ኦክሲጅኑ ኖሮ መለኪያው ወይም ከአየር ጋር የሚያደባልቀው መሣሪያ የሌለበት ሁኔታ ነው። በዚህ ሁኔታ ውስጥ ከ32 ሳምንት በላይ የሆናቸው ሕፃናት እንኳ ሊታወሩ ይችላሉ። እንዲሁም ከተወለዱ ከአራት ሳምንት ገደማ በኋላ የዓይን ሐኪም ሬቲናቸውን ቢያይና ሕመሙ ቢገኝ በሌዘር ጨረር ወይም ወደ ዓይን ውስጥ በሚሰጥ መርፌ ማዳን ይቻላል። ጊዜው ካለፈ ግን ብዙ የሚደረግ ነገር የለም።

ጁባን የሚመለከተውም ይኸው ነው። ደካማው ሕፃን በማይድንበት አገር ይህ ዓይነቱ ዕውርነት ብዙም አይታይም፤ ሕፃኑ ቀድሞ ይሞታልና። ሕፃናትን የማዳን ሥራ ሲስፋፋ ግን ዓይንን የመመርመር ሥራ አብሮ ካልተስፋፋ ሕመሙ ይመጣል። በላቲን አሜሪካና በእስያ የታየው ይህ ነው፤ አሁን ደግሞ በአፍሪካ ከተሞች እየታየ ነው። ጁባ የቡሉክ የዓይን ሕክምና ማዕከል አላት፤ በአቅራቢያዋ በረጃፍም ዓይነ ሥውራን የሚማሩበት ተቋም አለ። አስፈላጊው ነገር የሕፃናቱን ክፍልና የዓይኑን ሐኪም ማገናኘት ነው።

የጎረቤት አገር ተሞክሮ

የጁባ ጎረቤት የሆነችው ኢትዮጵያ በዚህ መንገድ ጥቂት ርቃ ሄዳለች። ከ2016 እስከ 2018 በአዲስ አበባ፣ በጎንደርና በጅማ በሚገኙ ሆስፒታሎች ያለጊዜያቸው በተወለዱ ሕፃናት ላይ ሰፊ ጥናት ተደርጎ ነበር። ለሕፃናት በተለየው የጽኑ ሕክምና ክፍል ከተኙት 3,852 ሕፃናት መካከል 1,109 ያህሉ፣ ማለትም ከመቶ 29 የሚሆኑት፣ በ28 ቀን ውስጥ ሞተዋል። ከሞቱት ወደ ግማሽ ለሚጠጉት ዋናው ምክንያት የሳንባ አለመጎልመስ ነበር።

ቁጥሩ የሚያሳዝን ቢሆንም ከሚሞቱት የሚበልጡት በሕይወት እንደሚወጡም ያመለክታል። በዚያን ጊዜ የተወለዱት ልጆች ዛሬ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው። ከጥቂት ዓመት በኋላ ደግሞ በሁለተኛ ደረጃ ክፍሎቻችን ውስጥ ይቀመጣሉ።

ውድ መሣሪያ በሌለበት ቦታ ሁሉ የሚጠቅም አንድ ዘዴም አለ። ጥንት እናቶቻችን ሳይደርስ የተወለደውን ሕፃን በባዘቶ ጠቅልለው ያሞቁት ነበር። በ1978 በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ ሐኪሙ ኤድጋር ሬይ የማሞቂያ ሣጥን ሲያጥራቸው ሕፃኑን በእናቱ ደረት ላይ፣ ገላ ለገላ፣ ቀጥ አድርገው እንዲታቀፍ አደረጉ። ዘዴው ልጇን በከረጢቷ በምትሸከመው በካንጋሮ ስም ይጠራል። በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፕሮፌሰር ቦጋለ ወርቁና ባልደረባቸው ዘዴውን ፈትነው በ2005 ባሳተሙት ጥናት በካንጋሮ ዘዴ ከተያዙት ሕፃናት ብዙዎቹ እንደዳኑ አሳይተዋል። በ2022 የዓለም የጤና ድርጅት ይህ አያያዝ ሕፃኑ እንደተወለደ ወዲያው እንዲጀመር መክሯል። ዘዴው ሙቀትን ይጠብቃል፤ የእናት ጡት ወተት ለመስጠት ያመቻል፤ ኢንፌክሽንንም ይቀንሳል።

የሚያየው አንጎል ነው

እስካሁን የተናገርነው ስለ ዓይን ነው። በመግቢያችን የጠቀስነው ተማሪ ግን ሬቲናው ደኅና ነው። ታዲያ ምን ሆነ?

ዓይን ሥዕሉን ተቀብሎ ይልካል እንጂ አያነብም። የሚያነበው አንጎል ነው። መልእክቱ በነርቭ ክሮች ተጉዞ ወደ ማጅራት በኩል ወዳለው የአንጎል ክፍል ይደርሳል። በ1982 አንገርላይደርና ሚሽኪን የተባሉ ተመራማሪዎች እንደገለጡት ከዚያ በሁለት መንገድ ይከፈላል። የታችኛው መንገድ «ይህ ምንድን ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሰጣል፤ ፊትን፣ ፊደልንና ዕቃን ይለያል። የላይኛው መንገድ «የት ነው? ወዴት ይሄዳል? እንዴት ልያዘው?» የሚለውን ይመልሳል።

እነዚህ ክሮች በአንጎል ውስጥ ፈሳሽ በሚገኝባቸው ክፍተቶች አጠገብ ያልፋሉ። ከ24ኛው እስከ 34ኛው የእርግዝና ሳምንት ባለው ጊዜ በዚያ አካባቢ ያሉት ሕዋሳት ገና ለጋ ናቸው። የደም ዝውውር ቢቀንስ ወይም ኢንፌክሽን ቢነሣ በመጀመሪያ የሚጎዱት እነርሱ ናቸው። ጃኔት አትኪንሰንና ኦሊቨር ብራዲክ የተባሉ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች በተለይ የላይኛው መንገድ በቀላሉ የሚጎዳ መሆኑን አሳይተዋል። በ2012 የታተመ፣ የብዙ ጥናቶችን ውጤት ያጠቃለለ ሥራም እጅግ ቀድመው የተወለዱ ልጆች ያዩትን በማገናዘብና ዓይንን ከእጅ ጋር በማስተባበር ፈተናዎች በአማካይ ከእኩዮቻቸው ዝቅ እንደሚሉ ገልጧል።

የችግሩን አንድ ገጽታ ማንኛውም ተማሪ በራሱ ላይ ሊሞክረው ይችላል። ጓደኛህ በሰሌዳው ላይ የመደመር ምልክት ይጻፍ። ከምልክቱ በስተቀኝ አንድ ክንድ ያህል ርቆ አንተ የማታውቀውን አንድ ፊደል የመዳፍ ስፋት ያህል አድርጎ ይጻፍ። ሁለት ሜትር ያህል ርቀህ፣ ዓይንህን ከመደመሩ ምልክት ላይ ሳታነሣ ፊደሉን ለማወቅ ሞክር። ብዙ ሳትቸገር ታውቀዋለህ። አሁን ጓደኛህ ፊደሉን አጥፍቶ በቦታው ሌላ ፊደል ይጻፍና ግራና ቀኙን በሌሎች ፊደላት አስጠግቶ ይክበበው። የመሐሉን ለመለየት ትቸገራለህ። መጠኑ አልተለወጠም፤ ርቀቱም ያው ነው፤ የተለወጠው መጨናነቁ ብቻ ነው። ለአንተ ይህ የሚሆነው በዓይንህ ጠርዝ ስታይ ነው። የማየት ሥርዓቱ ለተጎዳ ልጅ ግን በቀጥታ የሚያየው ገጽ ሁሉ እንዲህ ሊሆንበት ይችላል። በሐኪም ዘንድ ነጠላ ምልክት አንብቦ በመጽሐፍ ላይ የሚቸገርበት ምክንያት ይህ ነው።

መምህሩ ሊያስተውላቸው የሚገቡ ምልክቶች

1ኛ. በቃል የሚያውቀውን ከታጨቀ ገጽ ላይ ፈልጎ ማግኘት ይሳነዋል፤ መስመር ይዘላል፣ ወይም ያንኑ መስመር ደግሞ ያነባል።
2ኛ. ከሰሌዳ ሲገለብጥ እጅግ ይዘገያል፤ ቀና ባለ ቁጥር ያቆመበትን ቦታ ያጣዋል።
3ኛ. በጂኦሜትሪ ተደራራቢ ቅርጾችን፣ በጂኦግራፊ ካርታን፣ በሂሳብ ግራፍን ማንበብ ከሌላው ትምህርት ይልቅ በጣም ይከብደዋል።
4ኛ. ደረጃ ሲወርድ ወይም ድንጋያማ መንገድ ላይ ይደናቀፋል። ከእግሩ ሥር ያለውን የሚያሳየው የዕይታ ክፍል ብዙ ጊዜ ይጎዳልና።
5ኛ. በፍጥነት የሚንቀሳቀስን ኳስ መከተል አይችልም፤ በገበያ ወይም በሰልፍ መካከል ጓደኛውን ለይቶ አያገኝም።
6ኛ. በጠዋት ደኅና ሆኖ እየደከመ ሲሄድ ይባስበታል።

እነዚህን ምልክቶች ያሳየ ሁሉ ያለጊዜው የተወለደ ነው ማለት አይደለም፤ መነጽር የሚያሻው ወይም ሌላ ችግር ያለበት ሊሆን ይችላል። እንዲሁም ያለጊዜያቸው የተወለዱ ብዙ ልጆች ምንም እንከን ሳይኖርባቸው አድገው ይማራሉ። የመምህሩ ሥራ ልብ ማለትና ማመልከት ነው እንጂ በሽታውን መሰየም አይደለም። በመጀመሪያ ተማሪው ዓይኑን እንዲመረመር ማድረግ ይገባል፤ እነዚህ ልጆች ለቅርብ ዕይታና ለዓይን መንሸዋረር ይበልጥ የተጋለጡ ናቸውና። ቀጥሎ ወላጆቹን በብቻቸው፣ በአክብሮት፣ ልጁ ጊዜው ደርሶ መወለዱን መጠየቅ ነው። ጥያቄው እናቲቱን የሚያስወቅስ መሆን የለበትም። ልጇ ሳይደርስ የተወለደባት እናት ጥፋተኛ አይደለችምና።

ያለ ወጪ ሊደረግ የሚችለው

በአንድ ክፍል ብዙ ተማሪ በሚታጨቅበት፣ በጁባ አካባቢ እንደሚታየውም በዛፍ ጥላ ሥር በሚማሩበት ሁኔታ፣ ልዩ መሣሪያ መጠበቅ አይቻልም። ቢሆንም የሚከተሉት ምንም ገንዘብ አያስወጡም።

ተማሪውን ፊት ለፊት፣ ከፀሐይ ነጸብራቅ አርቆ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። በሰሌዳው ላይ የቆየውን ጽሑፍ ሁሉ አጥፍቶ የሚያስፈልገውን ብቻ፣ በትልቁና በመስመሮች መካከል ሰፊ ቦታ ትቶ መጻፍ ይጠቅማል። የጠመኔ ጽሑፍ የማይታይበትን ያረጀ ሰሌዳም ማጥቆር ነው። የሚጻፈውን ድምፅ አሰምቶ ማንበብ ይገባል። ተማሪው ሲያነብ ከመስመሩ በታች ማስመሪያ ያኑር፤ ወይም በወረቀት ላይ አንድ መስመር የሚያሳይ ቀዳዳ ቆርጦ የቀረውን ገጽ ይሸፍን። በፈተና ጊዜ በአንድ ገጽ ላይ ጥያቄዎቹን አራርቆ መጻፍና ጥቂት ደቂቃ መጨመር ፍትሐዊ ነው። የሚለካው እውቀቱ እንጂ የዓይኑ ፍጥነት አይደለምና። ካርታውንም ቢሆን መጀመሪያ ወንዙን ብቻ፣ ቀጥሎ ድንበሩን፣ ቀጥሎ ከተማውን እየጨመሩ ቢሥሉለት ይከተላል።

እናንተም ተማሪዎች፣ ከእናንተ መካከል ገጹ የሚጨናነቅበት፣ መስመሩ የሚጠፋበት ካለ ይህን ለመምህሩ ቢነግር አያፍርም። ከጎኑ የተቀመጠውም ከመሳቅ ይልቅ የተጻፈውን ቀስ ብሎ ቢያነብለት ትልቅ ነገር ሠራ ማለት ነው።

በጁባም ሆነ በአዲስ አበባ ነርሶችና ሐኪሞች አንድ ኪሎ የማይሞላ ሕፃን ለማትረፍ ሌት ተቀን ይደክማሉ። እናቲቱም ለሳምንታት በደረቷ ታቅፋ ትከርማለች። ይህ ሁሉ ድካም ያዳነው ልጅ ከዓመታት በኋላ ደብተሩን ይዞ ወደ ክፍላችን ሲገባ የሚጠብቀው ስድብ መሆን የለበትም። «ሰነፍ» ከማለታችን በፊት፣ እኛ የምናየውን እርሱም በእርግጥ ያይ እንደሆነ እንጠይቅ።